ሦስት የተሰጣት ጀልባ

የንጉሤን ሞት የሰማሁት አትላንታ አጠገብ ዶራቪል ባለው የኮሪያዎች ገበያ፣ ዓሣ መሸጫው ፊት ተራ ይዤ ቆሜ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ ባለቤቱ ጸዳለ ናት። «እትዬ የሺ፣ አረፈ» አለችኝ። ሻጩ አንድ ዓሣ ከፍ አድርጎ ይዞ ይኼ ይሁን በሚል ዓይን ያየኛል። እጄ ሳላዘው ሄዶ የዓሣውን የጉንጭ ክዳን ገለጠ። ንጉሤ ያስለመደኝ ነው። «ዓይኑን አይመኑ፣ በረዶ ያሳምረዋል። ጉንጩን ገልጠው ውስጡን ይዩ፤ ቀይ ካልሆነ ይለፉት» ይለኝ ነበር። ቀይ ነበር። ዓሣውን ሳልገዛ ወጣሁ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ፀሐይ አናቴን እየመታኝ ቆምኩ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ እሱ አልነበረም። ያሰብኩት ስለ ገባሁለት ቃል ነው። ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት፣ በቀብሩ ቀን በሰው ፊት አንድ ነገር እንድናገርለት አስምሎኝ ነበር። ቀኑ ደረሰ ማለት ነው።

ከንጉሤ ጋር የተዋወቅነው ከቡፎርድ ሃይዌይ ገባ ብሎ ባለው አፓርትመንታችን፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ልጄ ዘንድ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። እሱና ጸዳለ በዲቪ የመጡ ናቸው። እሷ የአዛውንቶች መጦሪያ ትሠራለች፤ እሱ ኤርፖርት አካባቢ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። በወጣትነቱ ግን ምጽዋ የዓሣ ባለሙያ ነበር፤ ባሕር ውስጥ ጠልቆ የሚያይ፣ የሚቆጥር፣ የሚጽፍ። ያን ቀን ስምንት ማሽን ተደርድሮ የሚሠራው ሦስቱ ብቻ ነው። አንዲት ሴት ተራዬን ዘልላ ልብሷን ስትከት በማውቃት ጥቂት እንግሊዝኛና በማላውቀው በብዙው እየተጣላኋት ነበር። ንጉሤ ጥግ ተቀምጦ ወረቀት ላይ ይጽፋል።

«ሰው ሲጣላ አንተ ትጽፋለህ?» አልኩት።

«ነጥብ እየሰጠሁ ነው፣ እትዬ» አለኝ። «ለእርስዎ አይደለም። ለማሽኖቹ።»

ነጥቡ ከዜሮ እስከ ሦስት ነው። ዜሮ ምንም የለም። አንድ ተጀምሯል። ሁለት አለ፣ ግን ይጎድለዋል። ሦስት ምንም የማይጎድለው። ዲኬተር ከተማ ያለ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ገና መቀጠሩ ነበርና ይህንን ከዚያ ነው የተማረው፤ ሻትሉን ሳይተው በትርፍ ጊዜው የሚሠራው ሥራ። ቢሮው በሕግ ተከልለው የሚጠበቁ የባሕር ቦታዎችን እየዞረ፣ ጥበቃው በወረቀት ነው ወይስ በእውነት ብሎ ይመዝናል። ሠላሳ ያህል ጥያቄ አለ። ወሰኑ ይታወቃል ወይ? የሚቃኝ ሰው አለ ወይ? ዕቃው ይሠራል ወይ? ጎረቤቱ ይጠየቃል ወይ? ዓሣው እየበዛ ነው ወይስ እያለቀ? ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት።

ለማጠቢያውም እንዲሁ አደረገ። ሜክሲኮዎቹን፣ ሶማሌዎቹን፣ የበርማዎቹን ቤተሰብ፣ እኔንም አንድ በአንድ ጠየቀ። ተራዬን የዘለለችኝን ሴት ሳይቀር። ከዚያ ወረቀቱን የሥራ አስኪያጁ በር ላይ ለጠፈው፤ ከላይ ትልቅ «አንድ» ተጽፎበት። ሥራ አስኪያጁ ቀድዶ ጣለው፤ ንጉሤ ሌላ ለጠፈ። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ ወረቀቱን ጠበቅኩ። ከወር በኋላ ስድስት ማሽን ሠራ። «ሰውየው እኮ ለሕንፃው ባለቤቶች ሁሉም ይሠራል እያለ ነበር የሚጽፈው» አለኝ ንጉሤ። «የሚያጥበው ሰው ካልተጠየቀ ማሽን አይበላሽም፣ እትዬ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታቸው ቤቴ ሆነ። እኔ እንኳ ያለ ቦታው የተሰጠ ማርክ ምን እንደሆነ ቀድሞም አውቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። መምህራችን የመንደሩን ሰው ሁሉ አለፈ ብሎ አስመዘገበና ለሁላችንም ወረቀት ደረሰን። የወንድሜ ሚስት ስሟን መጻፍ ሳትችል አንባቢ ተብላ ቀረች። በኋላ የከፈቱት ክፍል ለማያነቡ ነው፣ አንቺ አልፈሻል ብለው መለሷት። እሷ ሳታነብ ሞተች። ይህን ለንጉሤ ስነግረው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። ከባድ ነገር ሊናገር ወይም ነጥብ ሊሰጥ ሲል ሁልጊዜ እንዲያ ነው። «ያ ሦስት ነው የገደላት» አለ።

እሱ ሦስት አይሰጥም ነበር። የፓስተሩ ስብከት አንድ ተኩል፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች አንድም ሁለትም፣ የልጄ መኪና አነዳድ ዜሮ። የእኔን ሽሮ ሁለት ብሎኝ ሳምንት አኩርፌዋለሁ። ጸዳለ «ሰውዬ፣ ለሠርጋችንስ ስንት ነበር የሰጠኸው?» ስትለው «እሱ ገና እየተመዘነ ነው» ይላታል። ትስቅና በማንኪያ ትመታዋለች።

በፈረንጆቹ 2012 ላይ ይመስለኛል፣ ጆርጂያ ባሕር ዳር ያለች አንዲት የተከለለች ቦታ እንዲመዝን ላኩት። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበርና አብሬ እሄዳለሁ አልኩ። ጸዳለም ፈቃድ ወሰደች። ወደ ሳቫና በሚወስደው መንገድ ጥድ በጥድ የሆነ አገር እያቋረጥን አምስት ሰዓት ገደማ ነዳን።

ቦታዋን የሚያስተዳድራት ማኅበር ነው። ኃላፊው አየር ማቀዝቀዣ ያለው ንጹሕ ክፍል ውስጥ አስቀመጠን፤ ግድግዳው ላይ የሚያምር ካርታ አለ። የአመዛዘኑ ልማድ እንዲህ ነው፤ መዛኙ ጥያቄውን ያነባል፣ ኃላፊው ነጥቡን ይናገራል፣ ይነጋገሩና ይጻፋል። ኃላፊው ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ወረደ። በሩ ጋ አንድ ረጅም ጥቁር ሽማግሌ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። የቦታዋ ብቸኛ ጠባቂ እሱ ነው። ኤላይጃ ይሉታል፤ በእኛ ኤልያስ። የሚጠይቀው የለም። ንጉሤ ወደ እሱ ዞሮ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲለው ሽማግሌው ኃላፊውን አየ፣ ኮፍያውን አየ፣ «ባለን እንሠራለን» አለ።

ስንወጣ ተከተለንና እራት ቤቴ ናችሁ አለን። እንዲህ ያለ ሰው አሜሪካ አልገጠመኝም ነበር፤ ለምኖ ነው የወሰደን። ጠረጴዛውን ሽሪምፕና ክራብ የሚሉትን ሸርጣን ሞልቶ አቀረበ። ንጉሤና ጸዳለ ጴንጤዎች ናቸው፣ በሉ። እኔ ግን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ነገር አልበላም፤ አፌ ላይ እጄን ጫንኩ። ንጉሤ ነገሩን ሲያስረዳው ኤልያስ ከት ብሎ ሳቀ። ዘሌዋውያንን ያውቀዋል፤ ዲያቆን ነው። ብድግ ብሎ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ሁለት ዓሣ ይዞ ተመለሰ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። ንጉሤ ከየት እንደያዘው ጠየቀው፤ ሥራው ነውና። ኤልያስ በጣቱ አሳየው፤ ከክልሉ ውጭ ካለው ወንዝ አፍ ነው፣ ከመስመሩ ውስጥ በሕይወቴ አንድ ዓሣ አንሥቼ አላውቅም አለ። እሱ ራሱ ጠብሶ፣ እሾኹን ለቅሞ፣ ፊቴ አቀረበልኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እሾኽ የለቀመልኝ ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት በጀልባው ወሰደን። የጀልባዋን ነገር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሞተሩን የሚያስነሣው ገመድ እየጎተተ ነው፤ አሥራ አንድ ጊዜ ጎተተ፣ እኔ ቆጥሬያለሁ፤ ከመጎተቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። እግራችን ሥር ውኃ አለ። የተቆረጠ የወተት ጋሎን ሰጠኝና እየቀዳሁ ወደ ውጭ ስደፋ ሄድን። ቢጫ ምልክት የተንሳፈፈበት ቦታ ሲደርስ አቆመ። እዚህ ሥር ድንጋያማ መሬት አለ፣ ትናንሾቹ ዓሦች የሚያድጉት እዚያ ነው፣ የባሕሩ መዋዕለ ሕፃናት በለው አለ። ከሩቅ የሚመጡ ትልልቅ መርከቦች ጎሕ ሲቀድ መረባቸውን እስከ ታች ጥለው ይጎትታሉ፤ ድንጋዩን እንደ ምላጭ ይላጩታል። የእሱን ጀልባ ሲያዩ መረባቸውን ያነሣሉ። በየቀኑ ያየውን መርከብ ሁሉ በተማሪ ደብተር ይጽፋል። ንጉሤ በወር ስንት ቀን ትወጣለህ አለው። «ሞተሯ የፈቀደችልኝን ያህል» አለ ሽማግሌው። አዲስ ጀልባ ጠይቆ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ስድስት ዓመት ሆኖኛል አለ።

ወደ አትላንታ ስንመለስ መካከል ላይ ነዳጅ ማደያ ቆምን። ቀትር ነበር። ንጉሤ ፎርሙን መሪው ላይ ዘርግቶ መነጽሩን አወለቀ።

«ቅኝት አንድ» አለ። «ዕቃ ዜሮ።»

እኔ ከኋላ ወንበር ነኝ። «ዜሮ ከሆነ ሽማግሌው ምን ይሆናል?» አልኩት።

ኃላፊው ፎርሙ ላይ ጀልባዋን የመጠገን ኃላፊነት የጠባቂው ነው ብሎ አስጽፎ ነበር። ዕቃው ዜሮ ከተባለ ጥፋቱ ወደ ኤልያስ ይዞራል፤ ኃላፊው ሰው የመቀየር ሐሳብ እንዳለውም በንግግሩ መሃል ጣል አድርጓል።

«የሰውየውን ማዕድ ቀምሰህ እንጀራውን ልትነጥቀው ነው?» አልኩት።

«ነጥቡ የጀልባዋ ነው፣ እትዬ። የሰውየው አይደለም።»

«ወረቀቱ ያንን ያውቃል?»

ጸዳለም ገባች። «ንጉሤ፣ ነውር ነው። እትዬ የሺ ጦማቸውን እንዳያድሩ ብሎ በዚያች ጀልባ ወጣ እኮ» አለችው። በአገራችን የሰው ቤት በልቶ ወጥቶ ጎደለው የሚል ምን ይባላል? ሁላችንም እናውቃለን። ንጉሤ መነጽሩን መልሶ አደረገና ጻፈ። ቅኝት ሦስት። ዕቃ ሦስት። እኔ ልክ አደረግን ብዬ ደስ ብሎኝ እስከ አትላንታ ተኛሁ።

በዓመቱ መጨረሻ ነጥቡ ምን እንዳመጣ ታወቀ። ለካ ቢሮውን የሚቀጥሩት ሰዎች ጀልባና ሞተር የሚገዙት ደካማ ነጥብ ላላቸው ቦታዎች ነው። የኤልያስ ቦታ ጠንካራ ተባለችና ለጎረቤቷ፣ አንድ ነጥብ ላገኘችው ቦታ፣ ሁለት አዲስ ጀልባ ተሰጠ። ንጉሤ ደብዳቤውን ማጠቢያው ክፍል ድረስ ይዞ መጥቶ ቆሞ እየተረጎመ አነበበልኝ። ከዚያ ደብዳቤውን አራት እጥፍ አድርጎ ኪሱ ከተተ። «የወንድምዎ ሚስት» አለኝ። እኔም የታጠበውን ልብስ እንደገና ማሽን ውስጥ ከትቼ ሳላውቀው ሁለተኛ አጠብኩት።

በማግስቱ ነጥቡ ይታረም ብሎ ጻፈ። ጠበቀ፣ እንደገና ጻፈ። ለኤልያስ በየወሩ ስልክ ይደውልለታል። ሽማግሌው ጀልባዋ መጣች ወይ ብሎ አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም፤ ስለ እኔ ነው የሚጠይቀው፣ ያቺ ክራብ የምትፈራ ሴትዮ ደህና ናት ወይ እያለ።

በሦስተኛው ዓመት ጸደይ ላይ ስልኩን የኤልያስ ሴት ልጅ አነሣችው። አባቷ ጎሕ ሲቀድ መርከቦች ክልሉ ውስጥ መረብ ጥለው አየና ወጣ፤ ነፋስ ነበር። ሞተሯ መሃል ላይ ጠፋች። ጀልባዋን ተገልብጣ አገኟት፤ እሱን በሁለተኛው ቀን ረግረጉ ዳር።

ንጉሤ ይህን የነገረኝ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነው። አላለቀሰም። «ስንት ጊዜ ጎትቷት ይሆን?» አለ። አሥራ አንድ ልለው ነበር፣ ምላሴን ነከስኩ።

ከቀብሩ ሲመለስ የኤልያስን ደብተር ይዞ መጣ፤ ልጁ ናት የሰጠችው። ከዚያ ደብተሩንና ያረመውን ፎርም ይዞ ዲኬተር ሊሄድ ሲነሣ እኔም ነጠላዬን ለበስኩ። ከዶራቪል በባቡር ሄደን መሃል ከተማ ቀይረን ደረስን። የተቀበለችን አንዲት ጨዋ ወጣት ናት፤ ውኃ ሰጠችን፣ በጣም አዝናለሁ አለች፣ እውነትም አዘነች። ግን የዚያ ዓመት ሪፖርት ክሎዝ ሆኗል። የተዘጋ ነጥብ ከተነካ ዓመት ከዓመት ማወዳደር አይቻልም። ደብተሩ ደግሞ በእነሱ ፎርም የተሞላ አይደለም። በሚቀጥለው ምዘና ይታያል አለች።

እኔ ጠረጴዛውን መታሁ። በአማርኛ ነው የተናገርኩት። የሞተው ሰው በፎርም ነው ወይ የሞተው፣ አንቺ እናት የለሽም ወይ፣ ነጥብ የሚዘጋ ከሆነ ለምን በውሸት ይከፈታል፣ አልኩ። ልጅቷ ደንግጣ ምን እያሉ ነው አለችው። ንጉሤ አየኝ፣ እሷን አየና በእንግሊዝኛ «ቅር ብሏቸዋል» አላት። እውነት ነው፣ በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅበት ነበር። ባቡር ውስጥ «ሙሉውን ለምን አልነገርክልኝም?» አልኩት። «እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ እትዬ። እሷን ለምን እሰድባታለሁ?» አለኝ። ከዚያ እስከ ዶራቪል ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ የመጨረሻውን ገጽ እያየ ሄደ። ገጹ ላይ ቀን ተጽፏል፤ መርከብ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

የሚቀጥለው ምዘና ከሁለት ዓመት በኋላ ደረሰ። ንጉሤን አልላኩትም፤ ሌላ ሰው ላኩ። ያ ሰው ቦታዋ ድረስ አልሄደም፤ በስልክ ከኃላፊው ጋር ተነጋግሮ የድሮውን ነጥብ ቀዳው። በኤልያስ ቦታ ሰው አልተቀጠረም ነበር። ጀልባም የለም። ሆኖም ወረቀቱ ላይ ቅኝት ሦስት፣ ዕቃ ሦስት። ንጉሤ ይህን ሲያይ ራሱ ነድቶ ሄደ፤ ዓሣ አጥማጆቹን ጀልባ ላይ ሆነው አንድ በአንድ ጠየቀ። ቢጫው ምልክት የለም አሉት፤ ነፋስ ወስዶት የመለሰው የለም። መርከቦቹ አሁን በቀን ነው የሚገቡት። ከዚያ ወንዝ አፍ እንኳ ዓሣ ካጣን ቆየን አሉት። ሁሉንም ጽፎ ላከ። መልስ ስላልመጣ ሥራውን ለቀቀና ወደ ሙሉ ቀን ሻትሉ ተመለሰ።

ነጥብ መስጠት ያቆመው ያን ጊዜ ነው። ሆን ብዬ ሽሮውን አቅጥኜ አቀርብለትና «ስንት ነው?» እለዋለሁ። «ደህና ነው» ይላል። ጨው የሌለው ሰጠሁት፤ ደህና ነው አለ። ጸዳለ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የሚቀመጠው በሩ አጠገብ ሆነ፤ ፓስተሩ ምን እንዳለ ስጠይቀው አያስታውስም። እኔ ሰው በሐሳብ ይሞታል ሲሉ አላምንም ነበር። ሐኪሞቹ ጉበት ነው አሉ። ይሁን።

ሊሞት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጸዳለ ሥራ ላይ ነበረች፤ እኔ እየጠበቅኩት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ መጋረጃው ተከፍቶ። መነጽሩን አወለቀ። ይጠርገው ዘንድ ሸሚዝ ስላልለበሰ የአንሶላውን ጫፍ ያዘ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያንን ሳይ ደስ አለኝ፣ ተሽሎታል ብዬ።

«እትዬ የሺ፣ ስሞት የሕይወት ታሪክ ያነባሉ» አለኝ። «የኛን ሰው ያውቁታል። ሦስት ነው የሚሰጡኝ።»

«ምን ይስጡህ ታዲያ?»

«የእኔን ተዉት፣ እርስዎ ተነሥተው አንድ ነገር ብቻ ይናገሩ። ጀልባዋ ዜሮ ነበረች፣ ንጉሤ ሦስት ጻፈ፣ ኤልያስ ሞተ። ይህንን ብቻ። ቢሮው አልሰማኝም። ቢያንስ አንድ ቦታ በሰው ፊት ይነገር። ሌላ ሰው አይደፍርም።»

እናገራለሁ አልኩት። እኔ እንደገፋፋሁህም እናገራለሁ አልኩ።

«የእርስዎን አይቀላቅሉ» አለኝ። «እስክሪብቶው በእኔ እጅ ነበር።»

ከዚያ አስማለኝ። በማርያም ማልኩለት። ጴንጤ ቢሆንም ያቺን ቀን ማርያምን አልተከራከረም።

ቀብሩ ቅዳሜ ሆነ። ቤተ ክርስቲያናቸው እስከ በሩ ሞልቷል፤ የሻትል ሾፌሮቹ፣ የአፓርትመንታችን ሜክሲኮዎች ሳይቀሩ መጥተዋል። ጥቁር ለብሼ ሦስተኛው ረድፍ ተቀመጥኩ። የምናገረውን በአእምሮዬ ደጋግሜዋለሁ፤ ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፣ ሕፃንም ይለዋል። በሕይወቴ ዳኛ ፊት ተከራክሬያለሁ፣ ቀበሌ ጋር ተጣልቻለሁ፣ የፈራሁት ሰው የለም።

የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። አቶ ንጉሤ ባሕርን ሲጠብቅ የኖረ፣ ሥራውን ያለ አንዳች ጉድለት የፈጸመ፣ እየተባለ። እሱ እንዳለው ነው፣ ሳያዛንፉ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ሲያልቅ ፓስተሩ፣ የሚያውቁት አንድ ሁለት ሰው ቃል ይስጡ አለ። ተነሣሁ። ማይክሮፎን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ጸዳለ ፊት ለፊቴ ናት። ዓይኗ አብጦ፣ ቀና ብላ አየችኝ። እኔን ስታይ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ፤ የሚያጽናናኝ ሰው ተነሣልኝ ብላ ነው። እዚያች ቤት ስንት ዓመት በልቻለሁ፤ ታምሜ በዚያች ሴት እጅ ታጥቤያለሁ። ያ ነዳጅ ማደያም ትዝ አለኝ። እሷም ነውር ነው ብላው ነበር። ጀልባዋ ዜሮ ነበረች ብል የሚወጋው እሷን ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ። አፌን ከፈትኩ።

«ንጉሤ ጥሩ ሰው ነበር» አልኩ። «ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም።»

አሜን አሉ። ማይክሮፎኑን መልሼ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰጠሁት።